ግቢ ውስጥ የመኪና ቤት መሥራትና መብራት ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የቤት መስመር ዝርጋታ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ። ድሮ ሰው የሚጠራኝ ምጣድ ሲቃጠል ወይም ሰርቪስ ቤት ሲጨመር ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ግን ሰው የኤሌክትሪክ መኪና እየገዛ ብዙው ስልክ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ "ግቢዬ ውስጥ ለመኪናዬ ቦታ ላሠራ ነው፣ መብራቱን እንዴት እናድርገው?" ያንኑ መልስ በየቀኑ ከምደጋግም ጻፍኩት። "ጋራዥ" ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። አንድ ደንበኛዬ ጎረቤቱን "ጋራዥ ልሠራ ነው" ቢለው፣ ሰውዬው ግቢው ውስጥ የመካኒክ ቤት ሊከፈት መስሎት ወረዳ ሄዶ አመልክቷል።

መጀመሪያ ማንን ልጥራ? ግንበኛውን ወይስ ኤሌክትሪሽያኑን?

ግንበኛው ቢቀድምም ግድ የለም፤ ግን ወለሉ ሳይሞላ ኤሌክትሪሽያኑ አንድ ቀን ይምጣ። የማየው ስህተት ከአሥር ስምንቱ እዚህ ላይ ነው። ብሎኬቱ ቆሞ፣ ሊሾው አምሮ፣ በሩ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ እኔ እጠራለሁ። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሽቦውን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር ላይ መሳብ፣ ወይ ሊሾውን መስበር።

እኔም ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። የወንድሜን ቤት ስንሠራ "ቱቦውን ነገ እቀብራለሁ" ብዬ ሌላ ሥራ ሄድኩ። ሲሚንቶው በዚያው ቀን መጣና ግንበኞቹ ሞሉት። ሁለት ቀን ሙሉ በመሮና በመዶሻ 6 ሜትር ቦይ ቆፈርኩ። ጠጋኙ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ወንድሜም ቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ ወለሉ ከመሞላቱ በፊት ከቤቱ ማከፋፈያ ቦርድ እስከ መኪናው ቦታ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበር። ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ። ውስጡ ሲባጎ አሳልፈው ሁለቱንም ጫፍ አስረው ይተዉት። መኪናውን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዙ ቢሆን እንኳ ሽቦው ያን ጊዜ በሲባጎው ይጎተታል። ቱቦ ርካሽ ነው፣ ሊሾ መስበር ውድ ነው።

ስፋቱ ስንት ቢሆን ይበቃል?

ለአንድ መኪና ውስጡ 3 በ6 ሜትር ከሆነ መኪናው ይገባል፤ ሰው ግን በሩን በደንብ ከፍቶ አይወርድም። 3.5 በ6 ይሁን። ቻርጀር የሚሰቀልበት ግድግዳ በኩል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው። የበሩ ስፋት ከ2.5 ሜትር አይነስ። ሌላው መኪናዎ የሚሞላበት ቀዳዳ የት እንዳለ ማየት ነው። አንዳንዱ ፊት ላይ፣ አንዳንዱ የኋላ ጎን ላይ ነው። ቻርጀሩን በተቃራኒው ግድግዳ ሰቅለው ገመዱን በመኪናው ጣሪያ ላይ የሚያሻግሩ ሰዎች አይቻለሁ።

ግድግዳ የግድ ነው?

አይደለም። ለብዙ ግቢ አራት የብረት ምሰሶና ኢጋ ቆርቆሮ ይበቃል። የእኛ ጠላት ፀሐይና የሐምሌ በረዶ ነው፤ ሁለቱንም ጣሪያ ይከላከላል። ብሎኬት ከመደርደርዎ በፊት ያንን ገንዘብ ለወለሉና ለሽቦው ቢያውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ግን አሸንዳ አይርሱ። ከጣሪያዎ የሚወርደው ውሃ ጎረቤት ግቢ ከገባ ክረምቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነው የሚከርሙት።

ወለሉ በአንድ ክረምት ተሰነጠቀ። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም፤ ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ነው። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አቃቂ አካባቢ ብዙ ቦታ ይህ አፈር አለ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የተጣለ ኮንክሪት አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ጥቁሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ በውሃ እየረጠበ በደንብ ይጠቅጠቅ። ከዚያ ድንጋይ ይደርደር፣ በላዩ ብረት የገባበት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ይሞላ። ወደ በሩ በኩል በሜትር 1.5 ሴንቲ ሜትር ዘቅዘቅ ካለ የመኪናው ውሃ ራሱ ይወጣል፤ ለ6 ሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ስንት ብር ይፈጃል?

ዛሬ የምነግርዎ ዋጋ በወሩ አይሠራም። መጠኑን ልንገርዎ፣ ዋጋውን በሄዱበት ሰዓት ያባዙት። 3.5 በ6 ወለል በ12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 2.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ ከሆነ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብለን ብንይዝ 9 ኩንታል ገደማ ይጠይቃል። በሦስት ጎን በ2.7 ሜትር ከፍታ ግድግዳ ካስነሱ 550 ብሎኬት ያህል ይሄዳል። አንዱ ጎን የራስዎ አጥር ከሆነ እሱ ይቀነሳል።

የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጣሪያ ያለውና መሬት የያዘ ነገር ከሆነ ሳይጠይቁ አይጀምሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍለ ከተማዎ ወይም ወረዳዎ ያለው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ የይዞታ ካርታዎን ይዘው ይሂዱ። "ትንሽ ነገር ናት" ብሎ የጀመረ ሰው ግማሽ ላይ ደንብ አስከባሪ ሲያስቆመው አሸዋውን ዝናብ ይወስደዋል። ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ደግሞ ፈቃድ ቢሰጥዎም አይሥሩ።

መስመሩን ከቅርቡ ሶኬት ልሳበው?

አይሆንም። የሳሎኑ ሶኬት የሚመጣው በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው፤ በዚያው ሽቦ ላይ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም አሉ። የመኪናው ቦታ ከዋናው ቦርድ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። እዚያ ሲደርስ ትንሽ ቦርድ ይሰቀልና አምፖሉ፣ ሶኬቱና ቻርጀሩ ለየብቻ ይከፈላሉ።

ከዋናው ቦርድ ሳይሆን በቀጥታ ከቆጣሪው በፊት ቀጥሉልኝ የሚልም አለ። ይሄን ለማንም አልሠራም። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከቆጣሪ በፊት ያለውን ሽቦ የሚያቋርጥልዎ ብሬከር የለም። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር የመብራት ኃይል ነው፤ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የእርስዎ። በግንባታው ሰሞንም በያጁ የብየዳ ማሽኑን ገመድ ቆጣሪው ሥር ባሉት ጫፎች ላይ ጠምዝዞ እንዳይቀጥል ይከታተሉት። ይህ ነገር ብዙ ግቢ ይደረጋል፤ ቆጣሪው ሲቃጠል ደግሞ ተጠያቂው በያጁ ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

ስንት ካሬ ሽቦ ልግዛ?

ለአምፖል 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5 በ16 አምፒር ብሬከር። ክርክሩ ያለው ቻርጀሩ ላይ ነው። የ7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፒር ይጎትታል፤ 32 በ220 ቮልት ያባዙት፣ 7,040 ዋት ይመጣል። ምጣድ ይሞቅና እረፍት ይወስዳል፣ ቻርጀር ግን ስድስት ሰባት ሰዓት ያለ እረፍት ይጎትታል። ሽቦ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ርቀቱን እንይ። ከቦርዱ እስከ መኪናው 25 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልስ 50 ሜትር መዳብ ነው። በ6 ካሬ ሽቦ 32 አምፒር ሲሄድ 5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ10 ካሬ 3 ቮልት። በ2.5 ካሬ ቢሞከር ከ11 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ የጠፋው ሁሉ ሽቦውን ማሞቂያ ነው። ብዙ ባለሙያ ለአጭር ርቀት 6 ካሬ ያስገባል። እኔ መሬት ለሚቀበር የቻርጀር መስመር 10 ካሬ ነው የማስገባው። ሰው ውድ ነው ይለኛል፤ ያው ሰው ለግቢው በር ጌጥ የከፈለውን አውቃለሁ።

ሲገዙ የሽቦውን ጫፍ በቢላ ይፋቁት። ላዩ ቀይ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ይተውት። "2.5" ተብሎ ተጽፎበት ሲለካ 1.8 የሚወጣም አለ። ከታወቀ ጥቅል ጋር በሚዛን ማወዳደር ከሻጩ መሐላ ይሻላል።

ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ። በትልቅ ልቀይረው?

ብሬከር የሚጠብቀው መኪናውን ወይም ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ 16ቱን አውጥተው 32 ካስገቡ ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል። ሽቦው ግን ግድግዳው ውስጥ መቀቀሉን ይቀጥላል።

መሬት ውስጥ ይቀበር ወይስ በአየር ይሳብ?

የሚቀበር ከሆነ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ታች አሸዋ፣ ከዚያ ኬብሉ በቱቦ ወይም አርመርድ (በብረት የተሸፈነ) ኬብል፣ እንደገና አሸዋ፣ በላዩ የብሎኬት ስባሪ ይደርደርበት። ስባሪው የሚጠቅመው ከዓመታት በኋላ ጎመን ሊተክል የሚቆፍር ሰው መቆፈሪያው "ቋ" ሲል እንዲቆም ነው። የቦዩን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። በአየር የሚሄድ ከሆነ ፀሐይ የሚችል ኬብል ይሁን፣ የጭነት መኪና ገብቶ እንዳይበጥሰውም ከፍ ይበል።

ቻርጀሩ ቀይ እያበራ "ኧርዝ የለም" ይላል። ምን ይሻላል?

ቻርጀሩ ትክክል ነው። ኧርዝ ማለት ያፈተለከውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። ብዙ የቆየ ቤት ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፣ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ የለም። መፍትሔው ከ1.5 ሜትር የማያንስ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መቀበርና ከቦርዱ ጋር በወፍራም ሽቦ ማገናኘት ነው። በመሣሪያ ተለክቶ ዝቅተኛ ቁጥር ካልመጣ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመራል። የሚለካው በበጋ ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምት መሬቱ ርጥብ ስለሆነ ሁሉም ዘንግ ጥሩ ይመስላል። ከዚህ ጋር ሰው ሲነካው የሚያቋርጥ 30 ሚሊ አምፒር ሊኬጅ ብሬከር ይግባ።

አሁን የምነግርዎን ነገር ማንም ቢያቀርብልዎ ከግቢ ያስወጡት። "ቀላል ነው" ይልና ኒውትራሉን (የመልስ ሽቦውን) ከኧርዙ ጋር ሶኬቱ ውስጥ በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ይታለልና አረንጓዴ ያበራል። አንድ ቀን ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ ወይም ኃይል የሚያመጣው ሽቦና ኒውትራሉ ተገላብጠው ቢታሰሩ የመኪናው አካል ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል። መኪናውን ጠዋት መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጥበው ልጅ ነው፤ ያውም በርጥብ እጁ።

በማከፋፈያ ገመድ (ኤክስቴንሽን) ብሞላውስ? ለጊዜው ነው።

ለጊዜው የተባለ ነገር ያየሁበትን ልንገርዎ። አንድ ቤት እናቲቱ ሦስት ቀን "ፕላስቲክ ይሸተኛል" ሲሉ ነበር አሉ፤ ልጆቹ የጎረቤት ቆሻሻ ነው ብለው ተዉት። ስሄድ ማከፋፈያው በረንዳው ምንጣፍ ሥር ነበር። ነጭ የነበረው እንደ ቡና ጠቁሯል፤ አንዱ ቀዳዳ ቀልጦ ሊሾው ላይ ፈሶ ደርቋል። ሶኬቱን ስነቅለው የፕላጉ አንድ እግር እዚያው ቀረ። መኪናው ግን እየሞላ ነበር። በ10 አምፒር ብቻ ነው ይህ ሁሉ የሆነው፤ ጥፋቱ የላላው መጋጠሚያ ነው።

7 ኪሎዋት ቻርጀር የግድ ያስፈልገኛል?

ለአብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዱ መኪናው ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ10 አምፒር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በሰዓት 2.2 ይሰጣል፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል። ዋናው ጥሩ ሶኬት፣ የራሱ መስመርና ኧርዝ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከባዶ መሙላት ከሆነ ግን በትንሹ ቻርጀር 27 ሰዓት፣ በ7 ኪሎዋቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ክፍለ አገር የሚመላለስና ራይድ የሚሠራ ሰው ትልቁን ይግዛ።

ሲገዙ ፕላጉን ይዩ። እዚህ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የሚወስዱት ጂቢ/ቲ የሚባለውን ነው። ቮልስዋገን ስለሆነ የአውሮፓ ፕላግ ይሆናል ብሎ ታይፕ 2 ቻርጀር የገዛ ሰው፣ መኪናው ቻይና የተሠራ አይዲ 4 ሆኖ ዕቃውን መልሷል።

ምጣድና መኪና አብረው ይችላሉ?

ዋናው ብሬከር ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 32 ካለ፣ ምጣዱ ብቻውን 16 አምፒር አካባቢ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው ሌላ 7 እስከ 10። የቀረው ለትንሹ ቻርጀር እንኳ በጭንቅ ነው። ስለዚህ ሰዓት ይለዩ። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ወጥ እየሠራ ቮልቴጁ ራሱ ይወርዳል፤ መኪናው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይጀምር። አብዛኛው መኪና መሙላት የሚጀምርበትን ሰዓት መወሰኛ አለው። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ደግሞ ከምትጋግረው ሰው ይጠይቁ፤ እኔ የቤቱን ጭነት የማሰላው ከጌታው ሳይሆን ከእሷ ጋር ነው።

ካልበቃ ሦስት ፌዝ ወይም የኃይል ማሻሻያ ይጠየቃል፤ ብዙው ሰው እስካሁን መብራት ኃይል በሚለው በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢዎ ማዕከል። የመረጃ ስልካቸው 905 ነው።

የካርድ ቆጣሪ ነው ያለኝ። ችግር አለው?

ሒሳቡ ሌሊት ካለቀ ጠዋት መኪናውም ቡናውም የለም። መኪና ከገባ በኋላ የድሮው ወርኃዊ ሙሌት እንደማይበቃ አስቀድመው ያስቡ። ታሪፉ በፍጆታ ደረጃ ስለሚጨምር መኪናው ወደ ላይኛው እርከን ያስገባዎታል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ዋጋው በየጊዜው ከፍ እያለ ነው። ቢሆንም ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም።

ጄኔሬተሩንም እዚያው ባስቀምጠው?

ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ በፍጹም። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ የጄኔሬተርና የቤንዚን መኪና ጭስ ውስጥ ያለው ያው መርዝ ነው፣ አይሸትም። ውጭ ይሁን፣ ከመስኮት ይራቅ። ከቤቱ ጋር የሚገናኘውም በቼንጅ ኦቨር (ከመብራት ወደ ጄኔሬተር በሚቀይረው ማብሪያ) ብቻ ነው። ሶኬት ላይ ሰክተው ወደ ኋላ ከላኩት መስመሩን ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ይያዛል።

ኮንዶሚኒየም ነኝ። ከሦስተኛ ፎቅ ገመድ ላውርድ?

አያውርዱ። ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው ለመኪና ማቆሚያው የራሱ ቆጣሪ ይጠየቅ። ይዘገያል፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

አሜሪካ ነው ያለሁት፤ ወንድሜ እያሠራልኝ ነው። ዕቃ ልላክ?

የበር መክፈቻ ሞተር፣ ኮምፕረሰርና ቻርጀር ከመላክዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። እዚያ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ ተራ ሞተር ከፍጥነቱ በአምስት ስድስተኛው ብቻ እየዞረ ይግላል። "100–240 ቮልት፣ 50/60" የሚል ካለበት ይላኩ። መሰርሰሪያ ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን ይላኩ፣ የባትሪ መሙያውን ብቻ ያረጋግጡ።

ከወንድምዎ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ይጠይቁ፦ ቦዩ ሳይሸፈን፣ ሜትር ገብቶበት፣ ቱቦው እየታየ። "ሥራው አልቋል" የሚለውን ፎቶ ተዉት፤ እሱ ላይ የሚታየው ሊሾው ብቻ ነው።